ውሃውን ሁሉ በአንድ ቦይ

ጀሚል፣ የሥራ ባልደረባው ዮርዳኖስ በእጇ ጽፋ የሰጠችውን ወረቀት አንድ ጊዜ አየና ገልብጦ ከኪቦርዱ ሥር ከተተው። ወረቀቱ ላይ ዋናው ነገር «ጉድጓድ እና ቀን» የሚለው ነበር። እሱ «ቀን» ብሎ ብቻ ጻፈና አቆመ። ግራ ቀኙን አየ። ቢሮው ውስጥ ጣሪያው ላይ ከሚንቋቋው ቬንትሌተር በቀር የሚነቃነቅ ነገር አልነበረም። ኢንተሩን ተጫነው።

እንግዲህ ይህ ምን ወንጀል ነው ትሉ ይሆናል። ሰው አልገደለ፣ ከካዝና አልወሰደ። አንድ ቃል ነው የተወው። ጀሚል ግን ራሱ የሠራውን አሳምሮ ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቆቦ ገና ሙቀቷ ሳይነሳ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር የተጣበቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆቦ እስከ ጎብዬ ባለው ሜዳ የመስኖ ጉድጓዶች ላይ ቆጣሪ ተተክሏል። ቆጣሪው ስንት ሊትር ውሃ እንደወጣ በየአሥር ሴኮንዱ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። ጀሚል የሚሠራበት የመስኖ ፕሮጀክት ኮምፒውተር ያንን ይቀበልና ለገበሬው «ተራህ ደርሷል፣ ይህን ያህል ሰዓት አለህ» የሚል መልእክት ይሰዳል። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ግን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ፓምፑ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሳ ያ የድሮው ባለ ሰንጠረዥ ዳታቤዝ ይታነቃል። ባለፈው ኅዳር መልእክቱ ተራው ካለፈ በኋላ እየደረሰ ስንቱ ሰው ሽንኩርቱ ደረቀበት። አሁን ደግሞ ቆጣሪው ወደ አምስት ሺህ ሊያድግ ነው፤ በቀን አርባ ሦስት ሚሊዮን ንባብ ማለት ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ይቅርና ከሰንጠረዥ አልባዎቹ ዳታቤዞች አንዱ ተፈትኖ ይመረጥ ተባለ።

ሁለት ቀረቡ። ስማቸው ለምላስ የማይመች ፈረንጅኛ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ አቶ በርሄ አንዱን «በሬው»፣ ሌላውን «ግመሉ» ብለው ሰየሙና ቢሮው ሁሉ በዚያው ቀጠለ። በሬው የጀሚል ነው። የአንድን ገበሬ ነገር፣ ስሙን፣ ማሳውን፣ ተራውን፣ ያጠጣውን ውሃ፣ ሁሉን በአንድ ዶሴ አስሮ ያስቀምጣል፤ «የእገሌን አምጣ» ሲሉት ወዲያው ከች ነው። ግመሉ የዮርዳኖስ ነው። እሱ ጭነት ይችላል፤ የሚመጣውን ንባብ ለሦስት ኮምፒውተሮች አከፋፍሎ ይሸከማል። የቱ ንባብ ወደ የትኛው ኮምፒውተር እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ወረቀቱ ላይ የነበረው መለያ ነው። «ጉድጓድ እና ቀን» ካሉት ጉድጓዶቹ ለሦስቱ ይከፋፈላሉ። «ቀን» ብቻ ካሉት የዚያ ቀን ንባብ፣ አርባ ሦስቱም ሚሊዮን፣ አንዱ ላይ ይከመራል፤ ሁለቱ ቁጭ ብለው ያያሉ።

ጀሚል ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ዮርዳኖስ በሌለችበት፣ ሁለቱንም በትክክል ሞክሯቸው ነበር። በሬው አርባ ሦስቱን ሚሊዮን ለመዋጥ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ግመሉ በሠላሳ አንድ ጨረሰ። ጀሚል ያንን ሠላሳ አንድ የሚል ቁጥር ሲያየው ሲያየው ቆየና አጠፋው።

ዳታቤዙ የተመረጠለት ሰው የመላው ሜዳ የዳታ ክፍል ኃላፊ ይሆናል። ጀሚል ለዚች ቦታ አራት ዓመት ለፍቷል። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ተሸክሟል፣ ኔትወርክ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ በሞተር ብስክሌት ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ ንባቡን በደብተር ገልብጧል። ዮርዳኖስ የነጋዴዋ የብርኽቲ ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማስተርሷን ጨርሳ ከመጣች ገና አራት ወሯ። ኮንትራቷም በዚህ ወር ያልቃል፤ ግመሉ ከተመረጠ ትቀጥላለች፣ ካልተመረጠ ወደ እናቷ ሱቅ ትመለሳለች።

የሥራው ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ጀሚል እንዲህ ባልነደደ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ነገሩ የጀመረው ከሮቢት ነው።

የጀሚል አባት አባ ውዱ ከሮቢት ወጣ ብሎ የጎሊናን ጎርፍ የሚያካፍሉ የውሃ አባት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ደጋ ዘንቦ ጎርፉ ሲወርድ በየትኛው ቦይ፣ ለማን፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አፋቸውን ያያል። ደንቡ ለራሳቸው ግን ክፉ ነው፤ ውሃ የሚያካፍል ሰው የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ከሁሉ በኋላ ነው። ጎርፉ ካነሰ ለሱ አይደርሰውም። ጀሚል የጎረቤቱ ማሽላ እንደዚያ ሲያምር የነሱ ሲጠወልግ እያየ ነው ያደገው፤ ያንን ደንብ ከልቡ ይጠላዋል።

ከወር በፊት፣ እሑድ ቀን፣ ስኳርና ሳሙና ይዞ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሄደ። አባቱ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ዮርዳኖስ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ደብተሯ ጉልበቷ ላይ። አባ ውዱ በከዘራቸው ጫፍ መሬቱ ላይ ሦስት መስመር አስምረው፣ ውሃ አንዱን ቦይ እንዳይሰብረው እንዴት ለሦስት እንደሚከፈል እያሳዩዋት ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ጀሚል አባቱ እንዲህ ሲስቁ ያየው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

«ና ቁጭ በል» አሉት። «ይቺ ልጅ የውሃ ነገር ይገባታል። እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ዮርዳኖስም ደስ ብሏት፣ ግመሉን አባባ ጎርፍ በሚያካፍሉበት መንገድ ልታዘጋጀው እንደሆነ ነገረችው። ምን ቸገራት፤ የምትነግረው ለሥራ ጓደኛዋ መስሏታል። ጀሚል የቀረበለትን ውሃ ቆሞ ጠጣና ሥራ አለኝ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ የሷ ነገር ሁሉ ያቃጥለው ጀመር። አቶ በርሄ «ዮርዲ» ብለው ሲጠሯት ይቃጠላል፤ እሱን በአራት ዓመት አንድ ቀን አቆላምጠው ጠርተውት አያውቁም። ሻይ ስታዝዝ ለሱም ጨምራ ስታዝዝ ይቃጠላል፤ ደግነቷ ይባስ ያናድደዋል። ባለቤቱ ሳሊሀ እንኳ ነቅታበት፣ «ይቺ ልጅ በሕልምህም ልትመጣብን ነው እንዴ?» ብላ ስቃበታለች። እሱ ግን አልሳቀም። ቅናት ክፉ አሠሪ ነው፤ ደመወዝ የማይከፍል፣ እረፍት የማይሰጥ። ጀሚልን አንድ ወር አሠርቶ አሠርቶ እዚች ጠዋት ላይ፣ እዚች አንዲት ቃል ላይ አደረሰው።

ዮርዳኖስ ያን ጠዋት ጎብዬ ነበረች፤ የተበላሸ ቆጣሪ ልትጠግን በማለዳ ወጥታለች። ፈተናውን ማዘጋጀቱን ለጀሚል አደራ ብላ፣ ወረቀቱንም ትናንት ጠዋት ሰጥታው ነበር። የውጤት ስብሰባው አምስት ሰዓት ላይ ነው። በሬው በሁለት ሰዓት ተነስቶ እንደ ትናንቱ በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ጨርሷል። አሁን ግመሉ ተነሳ። ጀሚል ወንበሩን ወደኋላ አድርጎ ያይ ጀመር። ሠላሳ አንድ ደቂቃ አለፈ። ሃምሳ ሁለት አለፈ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ግመሉ ገና እያዘገመ ነው። ጀሚል ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስም አለው። ነገር ግን የሰው በግ አርዶ የበላ ሰው ደስታ ነበር፤ ጥጋብ አለው፣ ሰላም የለውም።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ግቢው ውስጥ ባጃጅ ቆመ። ጀሚል በመስኮት አየ። ዮርዳኖስ ወረደችና እጇን ዘረጋች፤ እጇን ይዘው አባቱ ወረዱ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው። አቶ በርሄ አባ ውዱን የገበሬዎች ተወካይ አድርገው በሷ በኩል ወደ ስብሰባው ጠርተዋቸው ነበርና፣ ከጎብዬ ስትመለስ ሮቢት ላይ አግኝታ ይዛቸው መጣች። ለጀሚል ማንም የነገረው የለም። የገዛ አባቱ ወደ ገዛ ቢሮው በሌላ ሰው ልጅ እጅ ተይዘው ሲመጡ ከማየት የባሰ ምን አለ? ያን ጊዜ በልቡ የቀረችው ትንሽ ጸጸት ብን ብላ ጠፋች።

ስብሰባው አራት ሰው ነው፤ አቶ በርሄ፣ አባ ውዱ፣ ዮርዳኖስና ጀሚል። ጀሚል ስክሪኑን ግድግዳው ላይ አበራ። በአንድ በኩል የበሬው ውጤት ተጽፏል፤ በሌላ በኩል ግመሉ እየሠራ ነው። ከግመሉ ሥር ሦስት ዓምዶች ይታያሉ፣ የሦስቱ ኮምፒውተሮች። አንደኛው ዓምድ ቀልቶ ጣሪያ ነክቷል። ሁለቱ ከመሬት ቀና አላሉም።

አቶ በርሄ ሰዓታቸውን አዩና በሬው አሸነፈ ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ጀሚል እንደዚያ እንደሚመስለው መለሰ፤ በትሕትና ሊናገር ሞክሮ ድምፁ ከፍ አለበት። ግመሉ ለዚህ ሥራ እንደማይሆን፣ ከባድ ጭነት ሲበዛበት እንደሚንበረከክ አስረዳ። ዮርዳኖስ ዓይኗን ከቀዩ ዓምድ ላይ ማንሳት አልቻለችም። በአምስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ግመሉ ጨረሰ፤ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የሚል ቁጥር ወጣ።

ያኔ አባ ውዱ በከዘራቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

«ልጄ፣ እነዚያ ሦስቱ ምንድን ናቸው?»

«ኮምፒውተሮቹ ናቸው አባባ» አለች ዮርዳኖስ በቀስታ። «ያን ቀን መሬት ላይ ያሰመሩልኝ ቦዮች።»

«እንዲያ ነው?» ዓምዶቹን አዩ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ለሠላሳ ዓመት ያዩት ነገር ፊታቸው ቆሟል። «ታዲያ ሁለቱ ለምን ደረቁ? ውሃውን ሁሉ በአንድ ቦይ የለቀቀው ማነው?»

ዮርዳኖስ ወደ ጀሚል ዞረች። አልጠረጠረችውም፤ ዓይኗ ውስጥ ጥርጣሬ ቢኖር ኖሮ ይቀለው ነበር።

«ጀሚል፣ መለያውን እንደጻፍኩልህ ነው አይደል ያስገባኸው?»

«እንደጻፍሽው ነው» አለ።

ምላሱ ይህችን ሁለት ቃል ለማውጣት አልተሳሰረም፤ እሱ ራሱ ገረመው። ዮርዳኖስ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንግዲያውስ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስጽፈው ተሳስቼ ይሆናል ብላ አቶ በርሄን ይቅርታ ጠየቀች። አቶ በርሄም እንግዲህ ምን ይደረግ፣ የሚናገረው ቁጥሩ ነው አሉና፣ ጀሚል ሪፖርቱን ፈርሞ በዘጠኝ ሰዓት እንዲሰጣቸው፣ እሳቸውም በዚያው ቀን ወልድያ ወዳለው ዋና ቢሮ እንደሚልኩት ነገሩት። አባ ውዱ ልጃቸውን አዩት። ብዙም አላዩትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ከዙህር ሶላት በኋላ አባትና ልጅ ከመስጊዱ አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገቡ። ጀሚል ጥብስ ላዝዝ ሲል አባቱ ፍርፍር ይበቃኛል አሉ። ምግቡ እስኪመጣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ማሽላው፣ ዘንድሮ ወፍ ስለመብዛቱ አወሩ። ከበሉ በኋላ አባ ውዱ እጃቸውን ታጠቡና አልሀምዱሊላህ ብለው ተደገፉ።

«የጎሊና ጎርፍ ሲመጣ» አሉ፣ «ሦስት ቦይ እያለ በአንዱ ብቻ አይሄድም። ከሄደ ሰው ነው የሁለቱን አፍ የዘጋ።»

«አባ፣ ኮምፒውተር ጎርፍ አይደለም።»

«አይደለም። እኔም አላውቀው። ግን ለሰው የማያዳላ ነገር መሆኑን ልጅቱ ነግራኛለች።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ደግሞስ በሬንና ግመልን ማን ያሽቀዳድማል? አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይጭናል። የኛ ሰው አቅም ካለው ሁለቱንም ነው የሚያሳድር።»

እዚህ ላይ ጀሚል መቻል አቃተው። ወር ሙሉ ሆድ ይፍጀው ያለው ነገር ገንፍሎ ወጣ።

«ልጅቱ፣ ልጅቱ! ለሷ ሁሉን ነገሯት። ሦስቱን ቦይ፣ ሰዓቱን፣ ደንቡን። እኔን ልጅዎን አንድ ቀን አስቀምጠው ነግረውኝ ያውቃሉ?»

በጎን ያሉት ተመጋቢዎች ዞር ብለው አዩ። አባ ውዱ አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉ። «ተምረህ መጣህ። የውሃ ሥራ ያዝህ። እንግዲህ ልጄ መጥቶ ‹አባ፣ ውሃ እንዴት ነው የሚካፈል› ይለኛል ብዬ ስንት ክረምት ጠበቅሁህ። አንተ ስኳር አምጥተህ ትሄዳለህ። እሷ ስትመጣ፣ ወላሂ፣ መጀመሪያ የታየኝ አንተ ነህ።»

ጀሚል ቀና ብሎ አባቱን ማየት አልሆነለትም፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ የቀረችውን የእንጀራ ቁራሽ ሲነካካ ቆየ።

«ያንን ደንብ እንደምትጠላው አውቃለሁ» አሉ አባ ውዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅ ሆነህ ወልድያ አክስትህ ጋ የሄድህበትን ዓመት ታስታውሳለህ? እህል ያጣንበትን?»

አስታወሰ። አሥር ዓመቱ ነበር። ማሽላው አንድ ዘለላ ሳይሰጥ ደርቆ፣ እናቱ ልብሱን በፌስታል ቋጥራ ከመኪና ላይ ያሳፈረችው ዕለት ትናንት ይመስለዋል። ያን ዓመት ጎርፉ ስላነሰ ነው ተብሎ ነበር የተነገረው።

«ጎርፉ አላነሰም» አሉ። «ከዚያ በፊት ባለው ዓመት እናትህ ታማ ነበር። እኔ ፈራሁና ከሰው ተራ ላይ አንድ ሰዓት ለኛ ማሳ ለቀቅሁ። የዘካሪያስን ተራ ነው የወሰድሁ። ማንም አላየኝም። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዓመቱ ሰው ሲሰበሰብ ቆሜ በአፌ ተናገርሁ። ደንቡ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ጀሚል ያውቀዋል። ያዳላ የውሃ አባት የዓመት ተራውን ለበደለው ሰው ይለቅቃል፤ ያውም ተደብቆ ሳይሆን ሰው ፊት፣ በገዛ አፉ።

«ተራዬን ለቀቅሁ። ማሳችን ደረቀ፤ አንተን ላክሁህ። በዚያ ዓመት እናትህ አንተን ስትል ስንቴ አለቀሰች።» አባ ውዱ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ሰው ‹ውዱ አዳላ› ብሎኝ አያውቅም። እኔ አልመክርህም፤ አዋቂ ነህ። በል መኪና አሳፍረኝ።»

ጀሚል አባቱን ሮቢት በሚያወርድ ሚኒባስ አሳፈረ። ከፊት ወንበር አስቀመጣቸው፤ ሒሳብ ከፈለ። መኪናው ሲነሳ አባ ውዱ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው «አብሽር» አሉት። ምን ሆንህ ብለው ሳይጠይቁ፣ ምን ሠራህ ብለው ሳይመረምሩ፣ አብሽር ብቻ። ጀሚል አስፋልቱ ዳር ቆሞ መኪናው እስኪሰወር አየ። ከዚያ በእግሩ ወደ ቢሮ ተመለሰ። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሆንም፤ እሱ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። እየሄደ ከራሱ ጋር ተከራከረ። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ወረቀቱ በእጁ ነው። ሪፖርቱን ፈርሞ ቢሰጥ በሚቀጥለው ወር ኃላፊ ነው፤ ሳሊሀም ልጆቹም ደስ ይላቸዋል። ቀስ ብሎ በኋላ ያስተካክለው የለ? እንዲህ እያለ የቢሮው በር ላይ ደረሰ።

ዮርዳኖስ ምሳ አልሄደችም። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እርሳስ በጥርሷ ይዛ፣ ጥፋቷን ትፈልጋለች። ገጾቹ ሁሉ ተሰርዘው ተደልዘዋል። ጀሚል ሲገባ ቀና አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አጣሁት ጀሚል» አለች። «ሦስቴ ሠራሁት። በኔ ስሌት ሠላሳ ደቂቃ አካባቢ ነው መሆን ያለበት። ምኑ ጋ እንደሳትኩ አላውቅም። አባባንም በሰው ፊት አሳፈርኳቸው።»

አባባን አሳፈርኳቸው አለች። ስለ ሥራዋ አይደለም፣ ስለ ኮንትራቷ አይደለም። ጀሚል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ሪፖርቱ ተከፍቷል፤ ከበሬው ስም ትይዩ «ተመራጭ» የሚል ቃል ራሱ ጽፎበታል። ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ተኩል ነው። ኪቦርዱን አነሳና ከሥሩ ወረቀቱን አወጣ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከደብተሯ አጠገብ አኖረው።

«ምንም አልሳትሽም። ‹ጉድጓድ እና ቀን› ብለሽ ነበር። እኔ ጉድጓዱን ዘለልኩት።»

ዮርዳኖስ ወረቀቱን አየች፤ እሱን አየችው።

«ዘለልከው ወይስ ተውከው?»

ዘለልኩት ቢል ስህተት ይሆናል፤ ሰው ይሳሳታል፣ ይቅር ይባላል፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

«ተውኩት» አለ። «ትናንት ሞክሬው ነበር። ግመሉ በሠላሳ አንድ ደቂቃ ጨርሶ ነበር።»

«ለምን?»

«ቀናሁብሽ።»

«በምኔ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ከመምጣቱ በፊት መገረም መጣ። «ምን አለኝና ነው የምትቀናብኝ? በወሩ መጨረሻ መባረሬን ስቆጥር ነው የከረምኩት።»

«ቁርቁራው ሥር አባቴ ሲስቁልሽ አየሁ።»

ዮርዳኖስ ምንም አይደል ብትል ጀሚል እዚያው ወድቆ ባለቀሰ ነበር፤ እሷ ግን አላለችም። ወረቀቱን አንስታ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«ለኔ ነገርከኝ» አለች። «መነገር ያለበት ግን ለአቶ በርሄ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ተነሳ። ዮርዳኖስ እሱ በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አላባከነችም። የተወውን ቃል ከነበረበት መለሰችና ፈተናውን አስነሳችው። ጀሚል በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ። ሦስቱ ዓምዶች እኩል እኩል እያሉ ቀስ ብለው ይነሱ ነበር። እንዴት ያማረ ነገር ነው፤ የሱ አለመሆኑ ደግሞ አሁንም አንጀቱን በላው። እንዲያው በአንድ ምሳ የሚለቅ ቅናት የለም። ይህን እያወቀ ኮሪደሩን አቋረጠ።

የአቶ በርሄ ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ከፊት ለፊቱ የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች፣ ሁለት ሹፌሮችና የውሃ ተራ ጉዳይ ይዘው የመጡ ገበሬዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጀሚል አንኳኳና በሩን ከፈተ።

«ሪፖርቱን ይዘኸው መጣህ?» አሉ አቶ በርሄ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

«አይ። ተራዬን ልለቅ ነው የመጣሁት።»

አቶ በርሄ መነጽራቸውን አወለቁ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ፊቱን አይተው ግን ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ አወቁ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው አንገታቸውን አስግገዋል።

«ግባና ቁጭ በል» አሉት። «በሩን ዝጋው።»

ጀሚል የበሩን እጀታ ያዘ። ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ አግዳሚው ሰዎች፣ በዚያ ጫፍ ወደ ዮርዳኖስ ጀርባ ተመለከተ። እጀታውን ለቀቀው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ በርሄ፣ ክፍት ይሁን» አለና ሳይቀመጥ መናገር ጀመረ።